ከስላና

መካ ውስጥ የተማርኩት የመጀመሪያው የዓረብኛ ስድብ «ከስላና» ነው። ሰነፍ ማለት ነው፣ ለሴት ሲሆን። ሩሰይፋ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማድቤቱ ጎን ባለች መስኮት አልባ ክፍል ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ነጠላ ጫማዬን አያለሁ። እግሬን ላስገባ እላለሁ፣ እግሬ እንቢ ይላል። አላመመኝም፣ አላለቀስኩም። ዝም ብዬ አያለሁ። የረመዳን ሰሞን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ለእንግዳ ሳምቡሳ ስጠብስና ሳሕን ሳጥብ አድሬ፣ ከሱብሒ በኋላ ያሸለብኩት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በሩ ተከፈተ። ማዳም፣ አሠሪዬ፣ አየችኝና ያቺን ቃል ወርውራልኝ ሄደች።

ቃሏ ጆሮዬ ላይ የቀረችው ስድብ ስለሆነች አይደለም። ስንፍና በዓረብኛ «ከሰል» ይባላል። የእኛን ከሰል፣ ጀበና የምንጥድበትን፣ እነሱ «ፈሕም» ነው የሚሉት። በአማርኛ ደግሞ አንድ ነገር ከሰለ ማለት ነዶ ነዶ ጠቆረ ማለት ነው። ማዳም ሰነፍሽ ስትል እኔ የሰማሁት ከሰልሽ ያለችኝን ነበር። ከሁለቱ የትኛው ልክ እንደሆነ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰው አልነሣም፣ አልሠራም፣ ምንም አላሰኘኝም ሲል ምን ሆኖ ነው? ከእኛ በፊት የነበሩት፣ በተለይ ቀይ ባሕርን ወዲያና ወዲህ የተሻገሩት፣ እንዲህ ሲሆኑ በምን ተነሡ?

ሩሰይፋ ዛሬ ለብዙ ሰው የባቡር ጣቢያ ስም ነው። መካንና መዲናን በጅዳ በኩል የሚያገናኘው የሐረመይን ባቡር የመካው ጣቢያ እዚያ ነው፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። መስመሩ የተመረቀው መስከረም 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ቆሜ አያለሁ። ከጅዳ ወደብ እስከ መካ በግመል ሌሊቶች ይፈጅ የነበረው መንገድ አሁን ቡና ተፈልቶ አቦል ሳይጠጣ ያልቃል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜም አልተሳፈርኩበትም።

አልነሣም፣ አልሠራም ለሚያሰኘው ነገር አማርኛ አንድ ስም የለውም፤ ብዙ ነው ያለው። ታከተኝ፣ ሰለቸኝ፣ ደበረኝ፣ ወኔ ከዳኝ፣ ጉልበቴ ራደ፣ እጅ እግሬን ያዘኝ። ልብ ላለው በእነዚህ ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ አንድ ነገር መጥቶበት ነው። «ሰነፍኩ» የሚል ግን ራሱን ይከስሳል። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ፣ ወሎ ደግሞ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገኙበት አገር ስለሆነ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ግእዙ «ሀኬት» ይለዋል። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር ቀን፣ መክሊቱን ቀብሮ የተቀመጠው ሀካይ አገልጋይ ይወቀሳል። በሙስሊሙ በኩል ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘውትረው ያደርጉት በነበረው ዱዓ ከአቅም ማጣትና ከስንፍና ወደ አላህ መጠበቅን ይለምኑ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ለየብቻ ነው የተጠሩት። አለመቻል አንድ ነገር ነው፣ ስንፍና ሌላ።

የግብጽ በረሃ መነኮሳትም ነገሩን በደንብ አይተውታል። በ399 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኤቫግርዮስ ስለዚህ ፈተና ሲጽፍ፣ መነኩሴውን ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይይዘዋል፣ እስከ ስምንት ሰዓትም አይለቀውም ይላል። የእሱ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት የሚቆጠር ስለሆነ ለሐበሻ አንባቢ ማስተርጎም አያሻም። ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች። መነኩሴው ደጅ ደጁን ያያል። ወንድሞቼ ፍቅር የላቸውም፣ ሌላ ቦታ ብሆን ይሻለኝ ነበር ይላል፣ ዘመዶቹን ያስባል፣ የቀረውን ዕድሜ ርዝመት ይቆጥራል። ዓረብ አገር ኮንትራት ላይ ለነበረች ሴት ይህን አንብቡላትና ማን ጻፈው በሏት፤ ጓደኛዬ ናት ትላችኋለች።

ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረው ደግሞ ይበልጥ ይነካኛል። በዚህ ስሜት ተይዞ እንዴት ልዳን እያለ ሲለምን፣ እሱን የመሰለ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ። ሰውየው ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይቀመጥና ይጎነጉናል፣ ደግሞ ይነሣል። መልአክ ነበር። ረዥም ስብከት አልሰበከለትም፤ የሚያደርገውን አሳየው፣ እንዲህ አድርግ አለው፣ አለቀ። በዘመናችን ሥነ ልቦና ወደዚሁ የደረሰው ብዙ ዞሮ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች በቡድን ከፍለው ሲያክሙ፣ ሐሳባቸውን እያስተካከሉ ከታከሙት ይልቅ ትንንሽ ነገር እንዲያደርጉ ብቻ የተደረጉት ያነሰ አልዳኑም። ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ እጅህ ይቅደም፣ ልብ ይከተላል ነው ነገሩ።

መካ ላይ ግን እጅን የሚያስቀድመው ድምፅ ነው። በሱብሒ አዛን ላይ ብቻ የሚጨመር ሐረግ አለ፣ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ የሚናገረው። ከሐዲስ ዘገባዎች አንዱ እንደሚለው ይህን መጀመሪያ ያሰማው ቢላል ነው። ነቢዩን ለሶላት ሊቀሰቅስ መጣ፣ ተኝተዋል ተባለ፣ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያን ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ የንጋቱ አዛን ክፍል ሆነ። ቢላል ኢብን ረባሕ የሐበሻይቱ የሐማማ ልጅ ነው። መካ ውስጥ ባሪያ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጭነውበታል፤ አቡበክር ገዝተው ነጻ አወጡት። በ630 እ.ኤ.አ. መካ ስትከፈት ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያለው እሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ ሐረግ ናት። ተኚውን ሰነፍ አትለውም። እንቅልፍንም አትሰድብም፤ እንቅልፍ ጥሩ ነው፣ የሚበልጠው ግን አለ ነው የምትለው። እንዲህ ብሎ መቀስቀስ የሚችለው የጌታውን ጩኸት የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል።

ከቢላል አዛን በፊት ደግሞ መንገዱ ወደ እኛ ነበር። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ መካ የጠበበቻቸው ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር ገቡ። ከፊሎቹ ቶሎ ተመለሱ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና ሚስቱ አስማ ቢንት ዑመይስ ግን እስከ 628 ቆዩ፤ ልጆቻቸውም ሐበሻ ምድር ላይ ተወለዱ። አሥራ ሦስት ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትልልቁ ነገር፣ ስደቱ ወደ መዲና፣ በድር፣ ኡሑድ፣ ሁሉም ያለ እነሱ ሆነ። እዚያ ተቀምጠው ምን ሠሩ ቢባል ዜና መዋዕሉ ብዙ አይናገርም። ጠበቁ። ልጅ አሳደጉ።

ታሪኩ ደስ የሚለኝ ከተመለሱ በኋላ ባለው ላይ ነው። አስማ መዲና ውስጥ ከነቢዩ ሚስት ከሐፍሷ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ የሐፍሷ አባት ዑመር ገቡ። ይህቺ ማን ናት ብለው ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ያቺ ሐበሻይቱ? ያቺ ባሕር ተሻጋሪዋ? አሉ። ቀጥለውም በስደት ቀድመናችኋልና ለነቢዩ የምንቀርበው እኛ ነን አሏት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር በፍርሃትና በእንግልት ነበርን አለች፤ ይህን ሳልነግራቸው እህል ውኃ አልቀምስም ብላም ማለች። ነቢዩ ሲሰሙ የፈረዱት ለእሷ ነው። ለእነዚያ አንድ ስደት አላቸው፣ ለእናንተ ለመርከበኞቹ ሁለት አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሐበሻ የተመለሱት ሰዎች ይህን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ እንደነበር ሐዲሱ ይተርካል። የጠበቁበት፣ ምንም የሠሩበት የማይመስለው አሥራ ሦስት ዓመት ሥራ ሆኖ ተቆጠረላቸው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩን የተሻገሩት ሐበሾች ሁሉ ግን የሚፈርድላቸው አላገኙም። ከምጽዋና ከታጁራ በጀልባ እየተጫኑ ጅዳ የወረዱ፣ ከጅዳ መካ የተሸጡ ስንት ናቸው። ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርክሮንየ በ1885 እ.ኤ.አ. መካ ገብቶ ለወራት ተቀምጦ ነበር፤ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሐበሻ ባሪያዎች፣ በየቤቱ ለሥራም ለቁባትነትም ስለሚያዙት ሴቶች፣ በሰፊው ይናገራል። ይህ ዘር ለዚህ ይሆናል፣ ያኛው ለዚያ ይበረታል እየተባለ ሰው በሚመደብበት ገበያ «ትጉ» እና «ሰነፍ» የዋጋ ቃላት ነበሩ። ሳዑዲ ዓረቢያ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ሩቅ አይደለም፤ በእኔ ማዳም እናት ዕድሜ ያሉ ሴቶች በልጅነታቸው ባሪያ ያለበት ቤት አይተው ሊሆን ይችላል። ማዳምን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። ቃል ዕድሜ አለው፣ ለዚህ ነው።

በፈቃዳቸው መካ የከተሙ ሐበሾችም አሉ፣ ስለ ትጋት ሲወራ እነሱን መዝለል ነውር ነው። ሼኽ ሙሐመድ አሊ አደም፣ በዓረቡ ዓለም «አል-ኢትዮጲ አል-ወለዊ» ተብለው የሚታወቁት፣ የእኛው የወሎ ሰው ናቸው። መካ ውስጥ ዳር አል-ሐዲስ አል-ኸይሪያ አስተማሩ፤ የነሳኢን የሐዲስ ስብስብ 40 ቅጽ ገደማ በሚሆን ማብራሪያ ተነተኑ፤ ለሙስሊም ሶሒሕም ከዚያ የማያንስ ጻፉ። መስከረም 2013 ዓ.ም. እዚያው መካ አረፉ። በዚያው ቤት ያስተማሩት ሼኽ ሙሐመድ አሚን አል-ሀረሪ ደግሞ ከ30 ቅጽ በላይ የሆነ የቁርኣን ተፍሲር ትተዋል። ሰው እንዴት 40 ቅጽ ይጽፋል? በወኔ አይሆንም፤ ወኔ ሦስት ቅጽ እንኳ አታደርስም። ደርስ፣ የዕለት ትምህርቱ፣ ስላለ ነው። ደረሳው፣ ተማሪው፣ ነገ ጠዋት ኪታቡን ይዞ ይመጣል፣ ከትናንት ካቆሙበት ይጠብቃል፤ መምህሩ ቢታክታቸውም ዛሬ ማታ የነገውን ማየት አለባቸው። ወሎ ሐሪማ ውስጥ፣ ኪታብ በሚቀራበት ግቢ፣ የኖረ ይህን ያውቀዋል፣ ቅኔ ቤት የዋለም ያውቀዋል። ቅኔ ተማሪው ለቆጠራ፣ ቅኔውን ሊያስብ፣ ብቻውን ጫካ ይገባል፣ ግን ማታ መምህሩ ፊት የሚያቀርበው አለበት። ብቸኝነቱ ቀጠሮ አለው።

አገር ቤት የገበሬው ሥራም የተሰደረው እንዲሁ ነው። አረም በመጣ ጊዜ፣ ሐምሌ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ፣ ማንም ብቻውን ማሳ ውስጥ መግባት አያሰኘውም። ስለዚህ ወንፈል ይባላል፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ትልቅ ሲሆን ደቦ ይጠራል፤ ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፣ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወገብ የሚጎነበሰው በዜማ ነው። አያቴ ቤት ደቦ ሲጠራ በሩቅ እያዜሙ የሚመጡትን ወጣቶች ድምፅ ስሰማ እኔም ሳላስበው ማጭድ ፈልጌ ተነሥቼ አውቃለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ማጭዱን ቀሙኝ።

እንግዲህ ከዚያ ደቦ፣ ከወዳጃው የዱዓ ስብስብ፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ ጎረቤት ከሚጠራራበት ቤት ወጥታ፣ ዓረብኛ ሳታውቅ አንድ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትዘጋን ልጅ አስቧት። ስልኳ ተይዟል፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ በሩ ይቆለፋል። በ1967 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሰሊግማንና ስቲቨን ማየር ውሾች ላይ የሠሩት ሙከራ ታዋቂ ነው፤ ምንም ቢያደርጉ ከማይቀር የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የቆዩት በኋላ መውጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ተኝተው ቀሩ። ተስፋ መቁረጥን ተማሩ ተባለ። ሃምሳ ዓመት ቆይተው፣ በ2016፣ ሁለቱ ሰዎች የአንጎሉን ሥራ ካዩ በኋላ ተገልብጦ ነው የተረዳነው አሉ። መከራ ሲረዝም ዝሎ መቅረት የፍጥረት ነው፣ ማንም አያስተምረውም፤ የሚማሩት በእጄ የሚሆን ነገር አለ ማለትን ነው። ስለዚህ ሩሰይፋ ላይ ጫማዋን የምታየዋ ልጅ ያጣችው ወኔ አይደለም። በእጇ የሚሆን ነገር ነው ያጣችው።

በወረቀት በእጇ የሚሆን ብዙ ነገር አለ። ሳዑዲ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ወር ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይል ነበር። የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል ትጨርስ፣ ሠልጥና ትሂድ ብሎ ነበር። ደንቡ ግን ማድቤት ድረስ አይገባም። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ወረቀት የሌላቸው ሲታፈሱ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በመቶ ሺዎች፤ መጋቢት 2014 ላይ እንደገና ወደ 100 ሺህ ሰው ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ከሚመለሱት መካከል አእምሯቸው የታወከ አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አጋር ኢትዮጵያ የሚባለው ማኅበር እነዚህን ሴቶች እየተቀበለ ያስታምማል። ይህን የምለው አንዳንዱ «አልነሣም» ምክር የማይበቃው፣ ሐኪም የሚያስፈልገው መሆኑ እንዳይረሳ ነው። ከእኛ አንዷ መብላት ካቆመች፣ መናገር ካቆመች፣ በርቺ አይበቃም።

እኔን ያነሣኝ ዕቁብ ነው። ስልክ ከተፈቀደልኝ በኋላ በዋትስአፕ ስምንት ሆነን ጀመርን፤ አራታችን መካ፣ አራቱ ጅዳ፣ በወር 500 ሪያል። ዳኛችን ጅዳ ጉለይል፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ትኖር የነበረች የባቲ ሴት ናት፤ ከሁላችንም ትበልጣለች፣ «እታለም» እንላታለን። ደመወዝ ሲዘገይ ጠዋት በድምፅ መልእክት ትመጣለች፣ «ልጄ፣ ተነሥተሻል ወይ?» ብላ ነው የምትጀምረው። ብሩን የምታነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ዕጣውን የሚያወጣልን የእኔዋ ማዳም የ4 ዓመት ልጅ ነበር። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ ጠቅልዬ፣ በፊንጃል አድርጌ ስልኩን አስደግፌ አቀርብለታለሁ፤ ዓይኑን ይጨፍንና ያነሳል፣ ማንበብ ስለማይችል ለካሜራው ያሳያል፣ በስምንት ማድቤት እልልታ ይቀልጣል። እልልታውን ከእኛ ተምሮ እሱም ይሞክረዋል፣ አይወጣለትም።

ያን ቀን፣ ጫማዬን እያየሁ በተቀመጥኩበት፣ ዕቁቡ ገና አልነበረም፤ የተነሣሁት ፈርቼ ነው። ከዓመት በኋላ በሌላ ረመዳን እንደዚያው ሆኜ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወሩ እታለም የምትወስድበት ነበር፤ ለልጇ ኮምቦልቻ ላይ ቤት እያሠራች፣ ቆርቆሮ የሚገዛበት። እግሬን ያስገባሁት ለቆርቆሮው ነው። ደመወዜን ለማግኘት መሥራት አለብኝ ማለቴ አይደለም፣ ያማ ሁልጊዜም ነበር። የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ።

ዕቁብን ግን ላሞግሰው አልፈልግም። ከኮንትራቷ አልፋ፣ ወገቧ እያመማት፣ ቤተሰብ ላኪ ስላላት ብቻ የቆየች እህት አለች፤ እሷንም የሚጠብቃት ሰው ነበረ፣ ብዙ ሰው። ሐዋላው ሲዘገይ የሚደወልላት፣ ሲደርስ የማይደወልላት። የሰው መጠበቅ ያነሣል፣ የሰው መጠበቅ ያከስላል።

መካም ጅዳም፣ ሪያድም፣ እህት ያላችሁ ሰዎች፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውሉላት። ስለ ብር አትጀምሩ። ምን በላሽ በሏት፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ በሏት፣ ዝም ካለች ስልኩን አትዝጉት፣ ቡና እያፈላችሁ ድምፁን አሰሟት። በአዲስ አበባና በመካ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም።